ከሥልቱ ይልቅ ወሰኑ፦ የድርድር አያያዝ አጭር ታሪክ

አንድ ዓይነት የሆኑ ነገሮችን በተርታ አስቀምጦ በተራ ቁጥራቸው መጥራት ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። የደመወዝ መዝገብ፣ የግብር ከፋዮች ዝርዝር፣ የሕሙማን ካርድ መደርደሪያ ሁሉም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ይህንኑ አሠራር ወደ መሣሪያቸው ባስገቡ ጊዜ አሬይ የሚል ስም ሰጡት፤ በአማርኛ ድርድር ሊባል ይችላል፤ ቃሉም ከመደራደር ሳይሆን ከመደርደር የወጣ ነው። በድርድር ላይ የሚፈጸሙት ተግባራት ጥቂቶችና ለመናገርም ቀላል ናቸው፤ ይኸውም ማንበብ፣ መለወጥ፣ መጨመር፣ መቀነስ፣ መፈለግና በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ናቸው። ይሁን እንጂ ያለፉት ሰማንያ ዓመታት ታሪክ የሚመሰክረው፣ እነዚህ ቀላል የሚመስሉ ሥልቶች ፍጹም ትክክል እስኪሆኑ ድረስ ብዙ ዘመን የፈጁ መሆናቸውን ነው። ስሕተቱም ብዙውን ጊዜ የተገኘው በሥልቱ ፍሬ ነገር ላይ ሳይሆን፣ በድርድሩ መጀመሪያና መጨረሻ፣ ማለትም በወሰኑ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎን ለጎን የመቀመጥ ጥቅምና ዋጋ

የድርድር ኀይል የሚመነጨው ከአንድ ቀላል ሒሳብ ነው። ዕቃዎቹ እኩል ስፋት ስላላቸውና በማኅደረ ትውስታው ውስጥ ክፍተት ሳይኖር ስለሚቀመጡ፣ የመጀመሪያው አድራሻ ከታወቀ የሌሎቹ ሁሉ አድራሻ በማባዛትና በመደመር ይገኛል። ድርድሩ ከአድራሻ 1000 ቢጀምርና እያንዳንዱ ዕቃ 4 ባይት ቢይዝ፣ ከመጀመሪያው 7 ርምጃ የራቀው ዕቃ በአድራሻ 1028 ላይ መሆኑ ሳይፈለግ ይታወቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውንም ሆነ የሚሊዮንኛውን ዕቃ ለማንበብ የሚያስፈልገው ስሌት አንድ ነው። የዚህ ጥቅም ዋጋ ደግሞ በሚጨመርበትና በሚቀነስበት ጊዜ ይከፈላል። 10,000 ስሞች በያዘ ድርድር መጀመሪያ ላይ አንድ አዲስ ስም ለማስገባት 10,000ዎቹም አንድ አንድ ቦታ መሸጋሸግ አለባቸው።

በመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ይህን ስሌት መፈጸሙ ራሱ አስቸጋሪ ነበር። በ1949 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥራ በጀመረው ኤድሳክ ላይ ድርድርን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ፣ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ዙር የራሱን ትእዛዝ አድራሻ መለወጥ ነበረበት። በዚያው ዓመት የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ተራ ቁጥርን ብቻ የሚይዝ ልዩ ሬጂስተር በመሣሪያቸው ላይ ጨመሩ፤ ትእዛዙ ሳይነካ አድራሻው በዚህ ሬጂስተር እየታረመ ይሄዳል። ከዚያም በ1957 በጆን ባከስ መሪነት በአይ.ቢ.ኤም. የተሠራው ፎርትራን የአድራሻውን ሒሳብ ከፕሮግራም ጸሐፊው ትከሻ ላይ አውርዶ ለተርጓሚው ፕሮግራም ሰጠው። ጸሐፊው የድርድሩን ስምና ተራ ቁጥሩን ብቻ ይጽፋል፤ የቀረው የመሣሪያው ሥራ ሆነ። ነገር ግን ተራ ቁጥሩ ከድርድሩ ወሰን እንዳይወጣ የመጠበቁ ኀላፊነት በጸሐፊው ላይ ቀረ።

ከስንት ይጀመር?

የመጀመሪያው የወሰን ችግር የአቆጣጠር ነው። አንድ ሠራተኛ ከወሩ 5ኛ ቀን እስከ 12ኛው ቀን ድረስ ፈቃድ ቢወስድ፣ ችኩል ሰው 12 ሲቀነስ 5 ብሎ 7 ቀን ይለዋል፤ ትክክለኛው ግን 8 ነው። በፕሮግራም ውስጥም ድርድርን በአንድ ማሳጠር ወይም በአንድ ማስረዘም በየዕለቱ የሚያጋጥም ስሕተት ነው። ፎርትራን ከ1 ይቆጥር ነበር፤ በኋላ የመጡት እንደ ሲ ያሉት ቋንቋዎች ግን ከ0 ጀመሩ።

ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1982 በጻፈው አጭር ማስታወሻ ለዚህ ጥያቄ ምክንያት ያለው መልስ ሰጥቷል። በእርሱ አስተያየት ተከታታይ ቁጥሮች የሚወሰኑት መነሻውን በማስገባትና መድረሻውን በማስቀረት ቢሆን ይሻላል። እንዲህ ሲሆን የሁለቱ ወሰኖች ልዩነት የዕቃዎቹ ብዛት ይሆናል፤ የአንዱ ክፍል መድረሻም የቀጣዩ ክፍል መነሻ ይሆናል። በዚህ ሥርዓት ከ0 ቢጀመር፣ የማንኛውም ዕቃ ተራ ቁጥር ከእርሱ በፊት ያሉትን ዕቃዎች ብዛት ያመለክታል። ዳይክስትራ ክርክሩን በውበት ብቻ አልደገፈውም፤ በዜሮክስ የምርምር ማእከል ሜሳ በሚባለው ቋንቋ የሠሩ ባለሙያዎች ሌሎቹን አጻጻፎች የስሕተት ምንጭ ሆነው እንዳገኟቸው ጠቅሷል።

በቅደም ተከተል ማስቀመጥ

ጆን ፎን ኖይማን በ1945 ገና ላልተሠራው ኤድቫክ ፕሮግራም ሲጽፍ የመረጠው የጥይት መንገድን ወይም የአየር ጠባይን ስሌት ሳይሆን የመደርደርን ሥራ ነበር። ዓላማውም መሣሪያው ከቁጥር ስሌት ውጭ ላለ ሥራ መብቃቱን ለመፈተን ነበር። ሥልቱ እያዋሐዱ መደርደር ነው፤ ሁለት የተደረደሩ ክምሮች ይወሰዱና ከሁለቱ አናት ትንሹ እየተነሣ ወደ አንድ ይዋሐዳሉ። ዛሬም የሚሠራበት ነው።

በ1959 እንግሊዛዊው ወጣት ቶኒ ሆር በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ከሩስኛ ወደ እንግሊዝኛ በመሣሪያ የመተርጐምን ጉዳይ ያጠና ነበር። መዝገበ ቃላቱ በፊደል ተራ በማግኔታዊ ቴፕ ላይ የተቀረጸ በመሆኑ፣ ቴፑ ወደ ኋላና ወደ ፊት እንዳይመላለስ የዐረፍተ ነገሩ ቃላት አስቀድመው መደርደር ነበረባቸው። ሆር ለዚህ ያሰበው ሥልት አንድ ዕቃ መርጦ፣ ከእርሱ የሚያንሱትን ወደ አንድ ወገን፣ የሚበልጡትን ወደ ሌላው ወገን መለየት፣ ከዚያም በሁለቱ ወገኖች ላይ ያንኑ መድገም ነው። በ1960 ኤሊየት ብራዘርስ በሚባለው ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ አለቃው በ1959 ዶናልድ ሼል ያወጣውን ሥልት እንዲያዘጋጅ አዘዘው። ሆርም አዘጋጅቶ ሲያበቃ የራሱ ሥልት የበለጠ ፈጣን መሆኑን በመናገር በስድስት ፔኒ ተወራረደ፤ ውርርዱንም ረታ። ይሁን እንጂ ሥልቱን ለሌሎች በግልጽ ለማስረዳት የቻለው፣ በ1961 በብራይተን በተሰጠ የአልጎል 60 ትምህርት ላይ ራሱን የሚጠራ ፕሮግራም እንዴት እንደሚጻፍ ከተረዳ በኋላ ነው።

የፈጣኑ ሥልት ድካም ደግሞ ከምርጫው ይመጣል። 10,000 ዕቃዎች ቀድሞውኑ የተደረደሩ ቢሆኑና ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቢመረጥ፣ አንዱ ወገን ምንጊዜም ባዶ ይሆናል፤ በአማካይ 200,000 እንኳ በማይሞላ ንጽጽር ሊያልቅ ይችል የነበረው ሥራ 49,995,000 ንጽጽር ይጠይቃል። ሥራው ሁሉ ያለቀለት ድርድር ለሥልቱ ከሁሉ የከፋ ጠላት ሆኖ መገኘቱ፣ አንድን ሥልት በተለመደው ሁኔታ ብቻ መመዘን እንደማይበቃ ያሳያል።

በግማሽ እየከፈሉ መፈለግ

በተደረደረ ድርድር ውስጥ አንድን ስም ለማግኘት ከመካከል መጀመር፣ የሚፈለገው ያለበትን ወገን ይዞ ሌላውን መተው፣ ይህንኑ መደጋገም ይበቃል። በዚህ መንገድ ከ1,000,000 ስሞች አንዱን ለማግኘት ከ20 የማይበልጥ ምልከታ ያስፈልጋል። ሐሳቡን ጆን ሞክሊ በ1946 በፊላደልፊያ በተሰጡት የሙር ትምህርት ቤት ንግግሮች ላይ አንሥቶታል። ሆኖም ለማንኛውም ያህል የዕቃ ብዛት የሚሠራ የታተመ ሥልት የወጣው በ1960 በዲ.ኤች. ሌመር ብዕር ነው። በመካከሉ ዐሥራ አራት ዓመት አለፈ።

ጆን ቤንትሊ በቤል ላቦራቶሪና በአይ.ቢ.ኤም. ለሚያስተምራቸው ባለሙያዎች ይህንኑ ሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ሰጥቶ ይፈትናቸው ነበር። ከእነርሱም ውስጥ ዘጠና ከመቶው በጻፉት ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት ማግኘታቸውን በ1986 በታተመው መጽሐፉ ገልጿል፤ የራሱንም ፕሮግራም ከትክክለኛነቱ ማረጋገጫ ጋር አቅርቧል። ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1990ዎቹ ዓመታት ጆሹዋ ብሎክ ይህን ሥልት ለጃቫ ቋንቋ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ጻፈ፤ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ1 ሚሊዮን ሳይሆን ከአንድ ቢሊዮን በላይ ዕቃዎች ባሉት ድርድር ላይ እንደሚሰናከል ተገለጠ። ምክንያቱ መካከለኛውን ለማግኘት ሁለቱን ወሰኖች ደምሮ ለሁለት ማካፈሉ ነበር። ቁጥሩ ሊይዝ የሚችለው እስከ 2,147,483,647 ብቻ በመሆኑ፣ ድምሩ ከዚህ ሲያልፍ ከዜሮ በታች ይሆናል። ብሎክ በ2006 ጉዳዩን ለሕዝብ ሲያሳውቅ፣ ያው ስሕተት በቤንትሊ ፕሮግራምም ውስጥ እንዳለ አመለከተ። ማረጋገጫው በወረቀት ላይ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ወሰን የሌላቸውን ቁጥሮች አስቦ ነበር። መድኀኒቱም ልዩነቱን ለሁለት ከፍሎ በታችኛው ወሰን ላይ መደመር ነው።

ይህ የመፈለጊያ ሥልት ሌላም ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ደርዳሪውና ፈላጊው በአንድ ቅደም ተከተል መስማማት አለባቸው። ለአማርኛ ጸሐፊዎች ነገሩ ቅርብ ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሲመዘገብ በአመዛኙ የፊደል ገበታውን ተራ ይዟል። ሆኖም ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው፣ በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠላም» እና በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰላም» ተራርቀው ይደረደራሉ። በአንዱ የተመዘገበን ሰው በሌላው የሚፈልግ ፕሮግራም በሃያ ምልከታ ውስጥ፣ ያለ አንዳች ማመንታት፣ «የለም» ብሎ ይመልሳል። ከመደርደሩ በፊት ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ መልክ ማምጣት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ከወሰን ሲታለፍ

ሆርና የሥራ ባልደረቦቹ በኤሊየት ኩባንያ ባዘጋጁት የአልጎል ተርጓሚ ውስጥ፣ ማንኛውም ተራ ቁጥር በተጠራ ቁጥር ከወሰኑ ጋር እንዲመሳከር አድርገው ነበር። ይህም ጊዜ ይወስዳል። ሆር በ1980 የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር እንዳስታወሰው፣ ከዓመታት በኋላ ደንበኞቹ ለፍጥነት ሲባል ምርመራው እንዲቀር ይፈልጉ እንደሆነ ቢጠየቁ በአንድ ድምፅ እንዳይነካ ለመኑ።

ሌሎች ቋንቋዎች ፍጥነትን መረጡ። በ1988 ኅዳር መጀመሪያ ላይ የሞሪስ ትል የሚባለው ፕሮግራም በኢንተርኔት ሲሠራጭ ከተጠቀመባቸው በሮች አንዱ፣ የመጣለትን ጽሑፍ ርዝመቱን ሳይመረምር በ512 ባይት ድርድር ውስጥ የሚገለብጥ አገልግሎት ነበር። ከወሰኑ የተረፈው ጽሑፍ በአጠገቡ ያለውን ማኅደረ ትውስታ ደምስሶ ትእዛዝ ሆነ። በጊዜው ግምት 6,000 ያህል ኮምፒዩተሮች ተጠቁ። አንዲት ያልተጻፈች ንጽጽር ያስከተለችው ጉዳት ይህን ያህል ነበር።

የተዘጋጀ ሥልትና የተጠቃሚው ድርሻ

ከተራ ቁጥር ጣጣ ለመገላገል የተደረገው ጥረት ግን የቆየ ነው። ኬኔት አይቨርሰን በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኋላ ኤ.ፒ.ኤል. በተባለው አጻጻፉ፣ ሙሉ ድርድርን እንደ አንድ ነገር መደመርና ማባዛት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች እያንዳንዱን ዕቃ ለመለወጥ፣ የሚፈለጉትን ለማጣራት ወይም ሁሉንም ወደ አንድ ድምር ለመሰብሰብ አንድ ቃል ይበቃል። ወሰኑ ግን አልጠፋም፤ ቤተ መጻሕፍቱን ወደሚጽፈው ሰው ተዛወረ እንጂ።

ለዚህ ምስክሩ ቲም ፒተርስ በ2002 ለፓይተን ቋንቋ ያዘጋጀው መደርደሪያ ነው። በድርድሩ ውስጥ ቀድሞውኑ የተስተካከሉትን ክፍሎች ፈልጎ ስለሚያዋሕድ በጣም የተመሰገነ ሲሆን፣ በኋላ ጃቫም ወስዶታል። በ2015 እስታይን ደ ኾው እና ባልደረቦቹ ትክክለኛነቱን በማረጋገጫ መሣሪያ ሊያጸኑ ሲሞክሩ፣ ይልቁንም ስሕተት አገኙ። ሥልቱ የክፍሎቹን ርዝመት የሚመዘግብበት ትንሽ ድርድር ለአንዳንድ ግዙፍ ድርድሮች የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። የጃቫ አዘጋጆች ያንን ድርድር ማስረዘምን መረጡ፤ በ2018 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ማስረዘሙም እንዳልበቃ አሳዩ። ለመደርደር የተሠራው ሥልት በራሱ ድርድር ወሰን ተሰናከለ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት የተዘጋጁ ሥልቶችን መጠራጠርና ሁሉን ነገር እንደ አዲስ መጻፍ አይደለም፤ ዘጠና ከመቶው ባለሙያ የተሳሳተበትን ሥራ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ቢሞክረው ስሕተቱ ይበዛል እንጂ አያንስም። ትምህርቱ ሥልቱ የቆመበትን ቅድመ ሁኔታ ማወቅና በወሰኑ ላይ መፈተን ነው። ባዶ ድርድር ሲሰጠው፣ አንድ ዕቃ ብቻ ሲኖረው፣ ዕቃዎቹ ሁሉ እኩል ሲሆኑ፣ ቀድሞውኑ ተደርድረው ሲመጡ፣ የሚፈለገው ነገር ከነጭራሹ ሳይኖር፣ ብዛቱም መሣሪያው ሊሸከም የሚችለው ጫፍ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ሥልት፣ በመካከሉ ላለው ሁሉ ሊታመን ይችላል። እነዚህ ስድስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳሉ፤ ሳይጠየቁ ሲቀሩ ግን መልሳቸው ለመምጣት ዐሥራ አራት ዓመት፣ አንዳንዴም ስድሳ ዓመት የፈጀ መሆኑን ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ያስረዳል።