ስለ በሽታና ስለ ስሙ

በሽታ በአገር ላይ በተነሣ ጊዜ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው መድኃኒቱን አይደለም፤ ያመጣበትን ሰው ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1495 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል 8ኛ ናፖሊን በያዘ ጊዜ በወታደሮቹ መካከል ቂጥኝ ተነሣ። ኢጣልያኖች «የፈረንሳይ በሽታ» አሉት፤ ፈረንሳዮች መልሰው «የናፖሊ በሽታ» አሉት፤ መስኮቦች ደግሞ «የፖላንድ በሽታ» ብለው ለጎረቤታቸው ሰጡት። ነገሩ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ለባዕድ እንዲህ የሚለግስ ባልተገኘም ነበር።

ከአራት መቶ ዓመት በኋላም ይህ ጠባይ አልተለወጠም። በ1918 ዓ.ም. ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን በመታ ጊዜ ተዋጊዎቹ መንግሥታት የሕዝባቸው ልብ እንዳይሸበር ጋዜጦቻቸውን በሳንሱር ይቈጣጠሩ ነበር። ስፔን ግን በጦርነቱ ስላልገባች ጋዜጦቿ የሕዝቡንም የንጉሡን የአልፎንሶ 13ኛንም ሕመም ሳይሸሽጉ ጻፉ። ስለዚህ በሽታው በመላው ዓለም የተጠራው ስለ እርሱ በግልጽ በተናገረችው አገር ስም ነው።

ይኸው በሽታ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን አጠቃ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ ታመው ነበር። ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሕዝብ አለቀ፤ መሸሽ የቻለውም ከተማውን ለቆ ሸሸ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይነገራል። አባቶቻችን ግን በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል በሽታውን በወሩ ስም «የኅዳር በሽታ» አሉት እንጂ በማንም ሕዝብ ላይ አልለጠፉትም። የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ በሽታ በአገርም ሆነ በሕዝብ ስም እንዳይጠራ የመከረው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ነው።

ይህን የምንጽፈው ለመመካት አይደለም። የሥጋ ደዌን ነገር ስናስብ አንገታችንን እንደፋለን። «ቆማጣ» የሚለው ቃል የሕመሙ መግለጫ መሆኑ ቀርቶ የሰውየው መጠሪያ ሆነ፤ ቀጥሎም ጤነኛ ከጤነኛ ጋር ሲጣላ የሚወራወረው ስድብ ሆነ። ብዙ ሰው ደዌውን ከዘር የሚወርድ አድርጎ ሲፈራው፣ ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን ግን በ1873 ዓ.ም. ምክንያቱ ተሐዋሲ መሆኑን አሳየ። በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ለዚሁ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የሚሆነው አለርት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ዛሬ በሽተኛው ጥምር መድኃኒቱን ከ6 እስከ 12 ወር ወስዶ ይድናል። ይሁን እንጂ ከዳኑት ብዙዎቹ ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ አልሆነላቸውም፤ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ እርስ በርሳቸው ተጋብተው፣ ልጆቻቸውንም በዚያው አሳደጉ።