ቤዝ ጊታርና ባለቤቶቹ፦ የአንድ መሣሪያ ታሪክ በማን እጅ ይጠበቃል?

የሙዚቃ ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ ተመልካቹ ዓይኑን የሚጥለው በዘፋኙ ላይ ነው፤ ጆሮውም የሚከተለው ዜማውን ነው። ከበስተኋላ ቆሞ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን የቤዝ ጊታር ተጫዋች ግን ድምፁ ሲቋረጥ ካልሆነ በቀር ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ይህ ዕጣ ለሙያ ባልደረቦቼ እንግዳ አይመስለኝም፤ የሕንፃ መሠረትም የሚታወሰው የሰነጠቀ ዕለት ነውና።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የቤዝ ጊታርን አፈጣጠርና ዕድገት በመጠኑ መግለጽ፣ ከዚያም የመሣሪያው ወዳጆች ያላቸውን አውጥተው እርስ በርስ በመተያየታቸውና ዕውቀታቸውን በመለዋወጣቸው ከመረሳት የዳነውን ታሪክ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩና የመጀመሪያው መልስ

ቤዝ ጊታር ከመፈጠሩ በፊት በባንዶች ውስጥ የዝቅተኛውን ድምፅ ሥራ የሚያከናውነው ኮንትራባስ ነበር። ኮንትራባስ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ በመኪና ለማጓጓዝ የሚያስቸግር መሣሪያ ነው። በአንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስን ምልክት ስለሌለው ትክክለኛውን ድምፅ ለማግኘት የብዙ ዓመት ልምምድ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጊታር በኤሌክትሪክ ማጉያ መሥራት ከጀመረ በኋላ የኮንትራባስ ድምፅ በሌሎቹ መሣሪያዎች ተውጦ የሚቀር ሆነ።

ለዚህ ችግር ቀድሞ መልስ የሰጠው በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ነዋሪ የነበረው ፖል ታትማርክ ነው። ታትማርክ በ1930ዎቹ አጋማሽ ኦዲዮቮክስ 736 የተባለ፣ ከድፍን እንጨት የተሠራ፣ አራት አውታር ያለው፣ እንደ ጊታር በአግድም ተይዞ የሚመታ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። አሳቡ ሙሉ ነበር፤ ገበያው ግን አልተቀበለውም። ከተሠሩት ጥቂቶች መካከል እስከ ዘመናችን የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ግኝት ትክክል ስለሆነ ብቻ እንደማይስፋፋ፣ የሚረከበው ሰውም እንደሚያስፈልገው ከዚህ እንረዳለን።

የፉለርተን ወርክሾፕ

ሊዮ ፌንደር በ1909 በካሊፎርኒያ ተወለደ። የተማረው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ሲሆን በ1938 በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ጊታር መጫወት አያውቅም ነበር። ስለዚህም የሠራውን ናሙና በአካባቢው ለሚጫወቱ ሙዚቀኞች እየሰጠ፣ የሚሉትን እየሰማ፣ ያልተስማማቸውን ያሻሽል ነበር። ይህ አሠራር በታትማርክና በፌንደር ዕድል መካከል ላለው ልዩነት አንዱ ምክንያት ይመስለኛል።

በ1951 መጨረሻ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ስሙ «ትክክለኛነት» ማለት ነው፤ የተሰጠውም በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉት የብረት ዘንጎች ስለተተከሉና ተጫዋቹ ጣቱን በመካከላቸው ካሳረፈ ድምፁ ስለማይሳሳት ነው። አንገቱ ከአካሉ ጋር የተያያዘው በሙጫ ሳይሆን በአራት ብሎን ነው። ይህም አሠራሩን ያፋጠነ ከመሆኑም ሌላ፣ ኋላ እንደምናየው፣ ለታሪክ ያልታሰበ ውለታ ውሏል።

ከምሕንድስና አንፃር ዋናው ጥያቄ የአውታሩ ርዝመት ነበር። የአንድ አውታር የንዝረት ብዛት በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ ይወሰናል። የኮንትራባስ አውታር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ ሲሆን ፌንደር የመረጠው 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አውታሩ ሲያጥር ያንኑ ዝቅተኛ ድምፅ ለማግኘት ወይ ውጥረቱን መቀነስ ወይ አውታሩን ማክበድ ግድ ይሆናል፤ ውጥረቱ ከመጠን በላይ ከላላ ድምፁ ይዘባርቃል፣ አውታሩ ከመጠን በላይ ከከበደ ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። የ34 ኢንቹ ልክ እነዚህን ተቃራኒ ፍላጎቶች ከሰው እጅ ስፋት ጋር ያስታረቀ በመሆኑ ዛሬም ድረስ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች የሚከተሉት እሱኑ ነው። አራቱ አውታሮች በሰከንድ 41፣ 55፣ 73 እና 98 ጊዜ ያህል ይነዝራሉ።

መሣሪያውን በሰፊው መድረክ ካስተዋወቁት መካከል በላየነል ሃምፕተን ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወት የነበረው መንክ ሞንትጎመሪ ይገኛል። ኦርኬስትራው በ1953 ወደ አውሮፓ በተጓዘ ጊዜ የኤሌክትሪኩን ቤዝ ይዞ ሄደ።

ተጠቃሚው መሣሪያውን እንደገና ሲሠራው

ፌንደር ተጫዋቹ አውታሩን በአውራ ጣቱ ይመታል ብሎ ስላሰበ ሌሎቹ ጣቶች የሚደገፉበትን ትንሽ እንጨት ከቀጭኑ አውታር በኩል አደረገው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ግን አውራ ጣታቸውን አሳርፈው በሌሎቹ ጣቶች መምታትን መረጡ። ፋብሪካው መደገፊያውን ወደ ወፍራሙ አውታር በኩል ያዞረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ከፒካፑና ከአውታሮቹ ማሰሪያ በላይ የተገጠሙትንም የብረት ክዳኖች ብዙዎቹ ፈትተው አስቀመጧቸው።

ከዚህም የሚያስገርም አለ። ቢል ዋይማን በ1961 ከገዛው ርካሽ ቤዝ ላይ ፍሬቶቹን ነቅሎ ጣለ። ጃኮ ፓስቶሪየስም ከ1962 ስሪት ጃዝ ቤዙ ፍሬቶቹን አውጥቶ ክፍተቱን በመሙያ ደፍኖ ቀባውና ከኮንትራባስ ጋር የሚቀራረብ የሚዘምር ድምፅ አገኘበት። ፌንደር ኩባንያም በ1970 ፍሬት የሌለው ፕሪሲዥን ቤዝ ለገበያ አቀረበ። እንግዲህ መሣሪያው ስሙን ያገኘበት ክፍል ራሱ በባለቤቶቹ ፈቃድ ተወገደ ማለት ነው።

በካቻቢቴ የተነበበ ታሪክ

የመሣሪያው ወዳጆች ሲገናኙ የሚነጋገሩት እንደ ማንኛውም ባለሙያ ስለ ዕለት ኑሯቸው ጭምር ነው። 4 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ዕቃ ሌሊቱን በትከሻ ተሸክሞ ስለ መዋል፣ አሮጌ አውታር በውኃ ቀቅሎ ድምፁን ስለ ማደስ፣ በዝናብ ወራት ስለሚጎብጥ አንገትና በውስጡ ያለፈውን የብረት ዘንግ ስለ ማጥበቅ፣ ስለ ጎረቤትም ቅሬታ ያወራሉ። የጎረቤቱ ቅሬታ ምክንያት አለው፤ የዝቅተኛው አውታር የድምፅ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ስለሚበልጥ ተራ ግድግዳ አያግደውም።

ከዚህ ጨዋታ መካከል ግን ቁም ነገር ወጣ። የፌንደር መሣሪያዎች ተከታታይ ቁጥር በቅደም ተከተል ያልተለጠፈ በመሆኑ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የስሪቱን ዓመት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ባለቤቶቹ ካቻቢቴ አንሥተው መሣሪያቸውን ፈቱ፤ ያዩትንም ለሌሎች አሳዩ። አራቱ ብሎኖች ሲወጡ በአንገቱ መጨረሻ ላይ ሠራተኛው በእርሳስ የጻፈው ቀን ተገኘ። የድምፅ መቆጣጠሪያው ሽፋን ሲነሣ ደግሞ በፖቴንሽዮሜትሩ ላይ የታተመው ቁጥር ተነበበ። ለምሳሌ 1376614 የሚል ቢገኝ፣ 137 ሲ.ቲ.ኤስ. የተባለውን አምራች፣ 66 ዓመቱን 1966ን፣ 14 ሳምንቱን ያመለክታል።

ሆኖም ይህ ማስረጃ የሚናገረው መሣሪያው ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው። ፋብሪካው በ1966 ፖቴንሽዮሜትር በብዛት ገዝቶ ስላከማቸ የዚያ ዓመት ቁጥር ለተከታታይ ዓመታት በተሠሩ መሣሪያዎች ውስጥ ይገኛል። ይህን ማወቅ የተቻለው ብዙ ባለቤቶች የእርሳሱን ቀንና የፖቴንሽዮሜትሩን ቁጥር ጎን ለጎን አቅርበው ስላስተያዩ ነው። አንድ ሰው መሣሪያውን በሣጥን ቆልፎ ቢይዝ ኖሮ የሚያገኘው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር።

በዚሁ መንገድ ከቀኑ አጠገብ የሰዎች ስም ተገኘ። በ1950ዎቹ አንገቶች ላይ «ቲ.ጂ.» ተብሎ የተጻፈው የታዲዮ ጎሜዝ የስም መነሻ መሆኑ ታወቀ። ከ1956 እስከ 2013 በፌንደር ፋብሪካ ስትሠራ የኖረችው አቢጌል ይባራም በጠመጠመቻቸው ፒካፖች ላይ ስሟንና ቀኑን ትጽፍ ነበር። ኩባንያው በጥር 1965 ለሲ.ቢ.ኤስ. በ13 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ በጋዜጣ የወጣው የሻጩና የገዢው ስም ነው፤ የነዚህን ሠራተኞች ስም ያስታወሱት ግን ብሎን የፈቱ ሰዎች ናቸው።

የጠፋውና የተገኘው

የዲትሮይቱ ጄምስ ጄመርሰን በ1960ዎቹ ለሞታውን ኩባንያ በተቀረጹ እጅግ ብዙ ዘፈኖች ላይ በአንድ ጣቱ፣ በጠቋሚው ብቻ፣ እየመታ ቤዝ ተጫውቷል። ዘፈኖቹን ዓለም ያውቃቸዋል፤ የሱን ስም ግን በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ ለብዙ ዓመታት ማንም አልጻፈውም። በግልጽ የተመሰገነው በ1971 በወጣው የማርቪን ጌይ አልበም ላይ ነው። በ1983 በ47 ዓመቱ ሲሞት ለረጅም ዘመን የተጫወተበት የ1962 ፕሪሲዥን ቤዝ ጥቂት ቀደም ብሎ ተሰርቆ ነበር። በ1989 የሕይወት ታሪኩና የአጨዋወቱ ኖታ በመጽሐፍ ከታተመ በኋላ ስሙ ተነሣ፤ በ2000ም በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። ለሰውየው ግን ሁሉም ዘግይቶ ነበር።

ፖል ማካርትኒ በ1961 በሃምቡርግ የገዛው ሆፍነር ቤዝ ደግሞ በጥቅምት 1972 በለንደን ከመኪና ላይ ተሰረቀ። የመሣሪያው ወዳጆች በ2018 የጀመሩትን ፍለጋ በ2023 አጠናክረው ለሕዝብ ጥሪ አቀረቡ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚያውቁትን ጻፉ፤ መሣሪያውም በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተገኝቶ ከ51 ዓመት በኋላ ለባለቤቱ ተመለሰ። በእርግጥ የማካርትኒ ዝና ፍለጋውን አግዞታል። ቢሆንም መሣሪያውን ያስመለሰው እያንዳንዱ ሰው የያዘውን ትንሽ ትዝታ ማካፈሉ ነው።

በእኛ አገር

ወፍራም ድምፅ ለኢትዮጵያ ጆሮ አዲስ አይደለም። የበገና 10 አውታሮች በእንዝራቸው አማካይነት የሚያሰሙት ጥልቅ ነዛሪ ድምፅ ከኤሌክትሪክ በፊት ብዙ ዘመን የኖረ ነው። ቤዝ ጊታር በከተማ ባንዶች በኩል ሲገባም በአገሩ ቅኝት መናገርን ተማረ፤ በትዝታና በባቲ በተቀኙ ዘፈኖች ላይ አንድ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ጭፈራውን ይሸከማል። በ1970ዎቹ በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ፣ በዋልያስ ባንድ ደግሞ መላኩ ገብሬ በዚህ መሣሪያ ይታወቃሉ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ጋር ያስቀረጸውን «ኤረ መላ መላ»ን የሚያዳምጥ ሰው የምለውን ይረዳል። በባህል ቡድኖቻችን ውስጥ የሚገኘው በኤሌክትሪክ የሚጎላው ቤዝ ክራርም ታትማርክን ያሳሰበው ችግር በእኛ ባለሙያዎች እጅ ያገኘው መልስ ነው።

ይሁን እንጂ ከሁለቱ ስሞች በኋላ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አሥረኛ ስም ለመጥራት ብዙዎቻችን እንቸገራለን። በሆቴሎች አዳራሽ፣ በሰዓት እላፊው ዘመን ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ ድረስ ሲጫወቱ ያደሩት፣ መለዋወጫ በሌለበት ማጉያ እየጠገኑ መሣሪያቸውን ያኖሩት ሰዎች ብዙ ናቸው። አውታሩን ከየት እንዳገኙት፣ የተቃጠለውን ትራንስፎርመር እንዴት እንደጠመጠሙት፣ ማን ለማን መሣሪያውን እንዳዋሰ የሚያውቁት እነሱና የጠጋኞቻቸው ደቀ መዛሙርት ናቸው። ይህ የሙዚቃ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሙያ ታሪክም ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ለማኅበራችን አባላት ሁለት ተግባር ያመለክታል። የመጀመሪያው፣ የምንጠግነውን ማሽን ሁሉ ስንከፍት ቀኑን፣ የለወጥነውን ክፍልና ስማችንን በውስጡ ጽፈን መዝጋት ነው፤ ወጪው አንድ እርሳስ ነው። ሁለተኛው፣ በየሠፈራችን ያሉትን አንጋፋ ተጫዋቾችና የማጉያ ጠጋኞች ጠይቀን ቃላቸውን መመዝገብ፣ መሣሪያቸውንም ፈቃዳቸው ከሆነ ፈትተን ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። የብረትና የእንጨት ዕቃ 50 ዓመት በጣሪያ ሥር ሊቆይ እንደሚችል አይተናል። የሰው ትዝታ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውምና ጥያቄው ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ባይቆይ መልካም ነው።