84ቱን ያስቆጠረ አባት

ጠጋ በሉ፤ የሩቅ አገር ታሪክ ላወጋችሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ በኮነቲከቷ ሐርትፎርድ ከተማ፣ ሜሰን ኮግስዌል የሚባል ሐኪም ነበረላችሁ፤ የዓይን ሞራ በመግፈፍ ስሙ የተነሣ። ልጁ አሊስ በ1805 ተወለደች፤ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ። ሁለት ዓመቷ ላይ ብርቱ ንዳድ ያዛት፤ ዛሬ ቢሆን ማጅራት ገትር ሳንለው አንቀርም። ነፍሷ ተረፈች፤ መስማቱ ግን ቀረ። ትኮላተፍባቸው የነበሩት ቃላትም እያደር ጠፉ። የሰው ዓይን የሚያበራው አባት ለገዛ ልጁ ጆሮ መላ አጣ።

በዚያ ዘመን ሀብታሙ መስማት የተሳነው ልጁን አውሮፓ ይልካል፤ ደኻው አርፎ ይቀመጣል። ኮግስዌል ሁለቱንም አላደረገም። በየአጥቢያው ያሉ ቀሳውስት እንደ አሊስ ያሉትን እንዲቆጥሩ አደረገ። በኮነቲከት ብቻ ስንት ተገኘ መሰላችሁ? 84! እኔ ይህን ሰው የማደንቀው ከምንም በላይ በዚህ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ የሚያስገባ ወላጅ እኛም ሠፈር ጠፍቶ አያውቅም፤ እሱ ግን የሰውንም ልጆች ከየጓዳቸው አስወጣ።

በ1814 ታዲያ ቶማስ ጋሎዴት የሚባል የጎረቤት ወጣት፣ ገና ከመንፈሳዊ ትምህርት ቤት የወጣ፣ አሊስ ከታናናሾቹ ጋር ስትጫወት አያት። ባርኔጣውን አውልቆ አሳያትና የባርኔጣውን ስም በጭራሮ መሬት ላይ ጫረላት፤ በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ናት። አንዴ ባርኔጣውን፣ አንዴ ጽሑፉን እያመለከተ ደጋገመው። ገባት! አባትየውም ወዳጆቹን ሰብስቦ ገንዘብ አዋጣ፤ ጋሎዴት በ1815 የማስተማሩን ዘዴ ሊቀስም ባሕር ተሻገረ።

በብሪታንያ ሙያው የአንድ ቤተሰብ ምስጢር ሆኖ ቆይቶ ነበርና በቀላሉ የሚያካፍለው ጠፋ። ፓሪስ ግን ቀናው። ሎራን ክለር የተባለ፣ ራሱም መስማት የተሳነው መምህር አግኝቶ ይዞት ተመለሰ። መርከብ ላይ 52 ቀን! ክለር የምልክት ቋንቋውን ያስተምራል፤ ጋሎዴት እንግሊዝኛውን።

አሊስስ እስከዚያ? እሷማ ከእኅቶቿ ጋር ከሚሰሙ ልጃገረዶች ክፍል ገብታለች። መምህርቷ ኋላ ስመ ጥር ገጣሚ የሆነችው ሊዲያ ሀንትሊ ነች። የክፍል ጓደኞቿም ከእሷ ጋር በእጅ ማውራት ለመዱ፤ ይህን ማንም አላዘዛቸውም።

ኤፕሪል 15 ቀን 1817 መስማት ለተሳናቸው የታሰበው ትምህርት ቤት በሰባት ተማሪ ተከፈተ። አሊስ 11 ዓመቷ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ደግሞ ጆን ብሩስተር የሚባል የ51 ዓመት ሰው ነበረላችሁ፤ የሰው መልክ በመሣል የሚተዳደር ሠዓሊ። እሱም እንደ አሊስ የኮነቲከት ሐኪም ልጅ ነው፤ ልጅነቱ ግን ትምህርት ቤት ሳያገኝ አለፈ። ሸምገል ብሎ ከልጆች ጋር ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሦስት ዓመት ተማረና ወደ ሥዕሉ ተመለሰ።