ጀልዴሳን ያስረሳት የፈላ ውሃ

‹‹ካራቫን›› ሲባል ምን ይታያችኋል? ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላደገ ሰው መልሱ ግመል ነው። አንዱ ከሌላው ኋላ በገመድ የተያያዘ ረጅም ሰልፍ፣ ከበስተኋላው አቧራ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ዘመድ ያለው ሰው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል፤ መኪና የሚጎትተው፣ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት። ዘመዶቻችን ለእረፍት ወጥተው በሚልኩልን ፎቶ ላይ ከኋላቸው ቆሞ የሚታየው ማለቴ ነው።

ቃሉ የፋርስ ነው። እኛ የራሳችን ቅፍለትና ሲራራ አለን። ፈረንጅ ግን ለግመሉም ለቆርቆሮው ቤትም አንድ ስም ሰጥቶ ተገላገለ። የስም መመሳሰል ብቻ ነው ብላችሁ ግን እንዳታልፉት። ሁለቱም አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረባቸው፤ ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሄድ ሙቅ ውሃ ከየት ያገኛል?

ቀልድ ይመስላል አይደል? ድሬዳዋ ውስጥማ ይህ ጥያቄ ሳቅ ነው። ከቀትር በኋላ ጣራ ላይ ያለውን ሮቶ የከፈተ ሰው ቦይለር አያምረውም። ግን እዚሁ አጠገባችን፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ስለተቀየረ የተረሳች ቦታ አለች። ጀልዴሳ ትባላለች። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

ጀልዴሳ ዛሬ ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች አንዷ ናት፤ ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ኦሮምኛ የሚችል ሰው ቃሉ ዝንጀሮ ማለት መሆኑን ያውቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ስሟ እስከ ካይሮና ለንደን ይታወቅ ነበር። ከዘይላ ወደብ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚመጣ ነጋዴ በረሃውን በግመል አቋርጦ የሚያርፈው እዚህ ነበር። ከዚህ በኋላ ዳገት ነው፤ የቆላ ግመል ደግሞ ከዳገት ጋር አይስማማም። ስለዚህ ሸቀጡ ከግመል ይወርድና በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ሐረር ይወጣል። ከሐረር የወረደው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ደግሞ እዚሁ በግመል ይጫናል።

በ1875 ግብጾች በራኡፍ ፓሻ መሪነት ሐረርን ሲይዙ በጀልዴሳ በኩል ነው የወጡት፤ ወታደርም አስቀመጡባት። በ1885 ለቀው ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት ኢጣሊያዊው ካውንት ፖሮና ጓደኞቹ እዚያው አካባቢ ተገደሉ። በ1887 መጀመሪያ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረር ሲገቡ ጀልዴሳ የደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኮንን ግዛት መግቢያ በር ሆነች። በ1897 ወደ ምኒልክ የተላከው የእንግሊዙ የሬኔል ሮድ መልእክተኛ ቡድንም በዚሁ በር ነው የገባው።

እንግዲህ አስቡት። ግመል መቀየር የአንድ ሰዓት ሥራ አይደለም። ጭነት ይፈታል፣ ቀረጥ ላይ ክርክር አለ፣ በኪራይ ዋጋ ጭቅጭቅ አለ፣ በቅሎዎቹ ገና ከላይ አልወረዱም ይባላል። ሰው ይጠብቃል። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ እሳት ያነዳል፣ ውሃ ይጥዳል፣ ወተት ይገዛል፣ እንጨት ይገዛል። ጀልዴሳ ከሌላ ከምንም ሳይሆን ከመጠበቅ የተሠራች ከተማ ነበረች ማለት ይቻላል።

በጉዞ ላይ ውሃው በፍየል ቆዳ ስልቻ ወይም ሶማሌዎች ‹‹ሀን›› በሚሉት፣ ውሃ እንዳያፈስ ተደርጎ በተጎነጎነ ዕቃ ግመል ላይ ይጫናል። እሳቱ ግን አይጫንም። እሳትና ውሃ የሚገናኙት ቅፍለቱ ሲቆም ብቻ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እሳትና ውሃ ሳይገናኙ ሲቀሩ ምን እንደሚመስል በደንብ የጻፈልን አንድ ሰው አለ፤ ሐረር ውስጥ በስሙ ቤት የሚጎበኝለት ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ። በሚያዝያ 1891 እግሩ በሕመም ተይዞ፣ ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ በ16 ሸካሚዎች ትከሻ ከሐረር ወጣ። ማስታወሻውን በየቀኑ ይይዝ ነበር፤ ግጥም የለበትም፣ ሰዓትና የቦታ ስም ብቻ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጀልዴሳ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ወጀብ መጣ፣ ሌሊቱ ጤዛና ብርድ ሆነ። (ጀልዴሳ ላይ ብርድ! የድሬ ሰው ይህን ሲያነብ አያምንም።) ከጀልዴሳ ከወጣ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። አንድ ቀን ጠዋት ግመሎቹ አንጫንም አሉ። ሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ይዘው በዝናብ ቀደሙ፤ ግመሎቹ ቀሩ። 16 ሰዓት ያለማቋረጥ ዘነበ። ድንኳኑም ምግቡም ያለው ግመሎቹ ላይ ነው። ሰውየው አንድ ቆዳ ለብሶ ሌሊቱን ሙሉ ጠበቀ፤ ግመሎቹ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሲደርሱ 30 ሰዓት እህል አልቀመሰም ነበር። እግሩ በግንቦት ማርሴይ ላይ ተቆረጠ፤ በኅዳር ሞተ።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ገጣሚው ሳይሆን ማሰሮው ነው። ግመል ጀርባ ላይ ታስሮ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ ሥሩ እሳት የሌለበት ማሰሮ።

አሁን ወደ ሌላኛው ካራቫን ልውሰዳችሁ። ግብጾች ሐረርን በለቀቁበት በዚያው በ1885 ጎርደን ስቴብልስ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ፣ የቀድሞ የባሕር ኃይል ሐኪምና ደራሲ፣ ለመዝናኛ ብሎ ባሠራው በፈረስ የሚጎተት ቤት ከእንግሊዝ ወደ ስኮትላንድ ተጓዘ። ‹‹ዋንደረር›› ይለው ነበር፤ ተንከራታች እንደ ማለት። የመዝናኛ ካራቫን ታሪክ የሚጀመረው ከዚህ ሰው ነው። አሽከር፣ ነጂ፣ ምድጃ፣ ሁሉም አብሮት ይሄዳል። እሳቱ ቤቱ ውስጥ ገባ።

እኛ ጋ እሳቱና ውሃው አብረው መጓዝ የጀመሩት ግን በሽርሽር አይደለም። ምኒልክ በ1894 ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ፤ ኢልግ ከፈረንሳዊው ሸፍኔ ጋር ሆኖ ሥራውን ያዘው። በ1897 ጅቡቲ ላይ ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሐዲዱ ተራራው ሥር ደረሰ። ሐረር ድረስ መውጣት ከባድ ስለነበር ተራራው ግርጌ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ ‹‹አዲስ ሐረር›› ተባለ፣ ስሙ የጸናው ግን ድሬዳዋ ሆኖ ነው። መስመሩ ከጅቡቲ ስለመጣ የዘይላ መንገድ ወደ ጎን ቀረ፤ ከዘይላ መንገድ ጋር ጀልዴሳም ቀረች።

የያኔው ባቡር፣ አያቶቻችን ሸመንደፈር ያሉት፣ ሲጠቀለል ምንድን ነው? በብረት ጎማ ላይ የተጫነ ትልቅ ጀበና ነው። ሥሩ እሳት፣ ላዩ ውሃ። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ ያ ግፊት ነው ፉርጎውን የሚጎትተው። ግመሉ ላይ ተለያይተው ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሆነው፣ እየሄዱ ፈሉ። ውሃ ለማፍላት መቆም ቀረ። ከመቆም የተሠራች ከተማ ደግሞ የሚቆምላት ሲያጣ ምን ትሆናለች?

የባቡር ጀበና ግን አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ ውሃ መጀመሪያ፣ እሳት በኋላ። እሳት ቆስቋሹ የውሃውን ልክ በመስታወት ቱቦ ውስጥ እያየ ነው የሚሠራው። ውሃው ከእሳቱ ጣራ በታች ከወረደ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ፍንዳታ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች እሳቱ ጣራ ላይ ቶሎ በሚቀልጥ ብረት የተደፈነ ቀዳዳ ያደርጉ ነበር። ውሃ ሲጎድል ድፍኑ ይቀልጥና እንፋሎቱ እሳቱ ላይ ይለቀቃል። ማሽኑ ራሱን ያስጠነቅቃል ማለት ነው።

ይህ ሕግ ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ያ የዘመዶቻችን ፎቶ ላይ ያለው አሮጌ ካምፐር ጎን ላይ፣ ትንሽ የብረት በር ጀርባ። ፕሮፔን የሚባለውን ጋዝ በ1910 ለይቶ ያወጣው አሜሪካዊው ኬሚስት ዋልተር ስኔሊንግ ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ እንኳን ይተናል፤ ቡቴን ግን ዜሮ አካባቢ ሲደርስ እንቢ ይላል። ለድሬዳዋ ቡቴን ይበቃ ነበር፤ ለበረዶ አገር መንገደኛ ግን ፕሮፔን ነው የሚሆነው።

አሮጌ ካምፐር ተከራይታችሁ ወይም አጎታችሁ ‹‹በሉ ውሃ አሙቁ›› ቢሏችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙዎቹ ላይ ያለው ታንክ 23 ሊትር ገደማ ይይዛል። በመጀመሪያ ውሃውን ልቀቁና ውስጥ ያለውን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱት። ሲተፋና ሲያስነጥስ ቆይቶ ያለ አየር በእኩል ሲወርድ ታንኩ ሞላ ማለት ነው። ለክረምት ተብሎ ውሃው ታንኩን አልፎ እንዲሄድ የሚያደርግ ባይፓስ ካለ መመለሱን እዩ፤ አለበለዚያ ቧንቧው ውሃ እየሰጣችሁ ታንኩ ባዶ ነው፤ ባዶ ታንክ ሥር እሳት ማንደድ ደግሞ ታንኩን ማበላሸት ነው። ቀጥሎ የውጩን በር ክፈቱና አሽትቱ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይተኛል፤ ስለዚህ ዝቅ ብላችሁ። ከሸተታችሁ ሲሊንደሩን ዘግታችሁ ራቁ፣ ክብሪት የሚባል ነገር አትንኩ። ማቃጠያው ቱቦ ውስጥ ሸረሪት ወይም ተርብ ቤት ሠርቶ እንደሆነም እዩ፤ እነዚህ ነገሮች ለምን እንደሆነ እንጃ ይህን ቱቦ ይወዱታል።

ሰላም ከሆነ ሲሊንደሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። የድሮዎቹ ላይ ማዞሪያውን ‹‹ፓይለት›› ላይ ታደርጉና ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፣ ትንሿን እሳት ትለኩሳላችሁ፣ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ሳትለቁ ትጠብቃላችሁ። ለምን? እሳቱ ውስጥ ቴርሞካፕል የሚባል የብረት ጫፍ አለ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች የተጋጠሙበት ቦታ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር ጀርመናዊው ዚቤክ በ1821 ደርሶበታል። ያቺ ኢምንት ኤሌክትሪክ ናት የጋዙን ቫልቭ ከፍታ የምትይዘው። ነፋስ እሳቷን ቢያጠፋት ጫፉ ይቀዘቅዛል፣ ኤሌክትሪኩ ይቀራል፣ ቫልቩ ራሱ ይዘጋል። እሳቷ ራሷን ዘበኛ ናት። በቃ፣ ስትለቁት ካልጠፋች ማዞሪያውን ወደ ‹‹ኦን›› አዙሩ። ነበልባሉ ሰማያዊ ይሁን፤ ቢጫ ከሆነ አየሩ አልተስተካከለም። ከጠፋችባችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ የተጠራቀመው ጋዝ ይውጣ፣ ከዚያ እንደገና። ጎን ላይ ያለውን የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ‹‹ያንጠባጥባል›› ብላችሁ እንዳትደፍኑት፤ እሱ የባቡሩ የሚቀልጥ ድፍን የልጅ ልጅ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የጀልዴሳ ዕጣ በጀልዴሳ አላበቃም። የእንፋሎት ባቡር ግመልን ቢያስቀርም እሱም ውሃ ይጠማዋል፤ በረሃው መሃል መቆም ነበረበት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ናፍጣ እንፋሎትን ሲተካ ለውሃ መቆም ቀረ። ለሰው መቆሙ ግን ቀጠለ፤ በየጣቢያው መስኮት ሥር ሻይ፣ ወተት፣ ፍራፍሬ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። ኤረር፣ አፍደም፣ አይሻ የሚሉትን ስሞች ከወላጆቻችን አፍ የሰማናቸው በዚያ ምክንያት ነው። ከዚያ አሮጌው መስመር ወደ አዲስ አበባ መሄዱን አቆመ፤ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ እሳትም ውሃም አይፈልግም፤ የድሬዳዋ ጣቢያው ራሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ለገሃር አካባቢ ሻይ ይሸጡ የነበሩ እናቶችን አንድ ቀን አነጋግሯቸው፤ ስለ ጀልዴሳ ሳታነሱባቸው ስለ ጀልዴሳ ይነግሯችኋል።

አንድ የቱሪስት ካምፐር ነገ በጀልዴሳ በኩል ቢያልፍ ሙሉ ታንክ ሙቅ ውሃውን ከነእሳቱ ተሸክሞ ነው። ግመል አይቀይርም፣ ቀረጥ አይከራከርም፣ እንጨት አይገዛም። እዚያ ለመቆም ምንም ምክንያት የለውም፤ ምናልባት ከቡና ገለባ በወተት የፈላ ሆጃ ካላማረው በስተቀር።