የሰዋስው ዕውቀትና የተማሪዎች የመጻፍ ችሎታ፦ በሐረር ለሚገኙ ወላጆችና ተማሪዎች የቀረበ መረጃ

ሰዋስው ቃላት የሚመሠረቱበትንና ዐረፍተ ነገር የሚዋቀርበትን ሥርዓት የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ ነው። የመጻፍ ችሎታ ደግሞ ሐሳብን መርጦ፣ አደራጅቶና ግልጽ አድርጎ በጽሑፍ የማቅረብ ብቃት ነው። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን በራሱ አያስገኝም። በምርጫ ጥያቄ ትክክለኛውን ግሥ የሚለይ ተማሪ አንዲት ማመልከቻ አሟልቶ ለመጻፍ ሊቸገር ይችላል።

ጥናቶች የሚያሳዩት

ስቲቭ ግራሃምና ዶሎረስ ፔሪን ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚገኙ ተማሪዎችን የሚመለከቱ ጥናቶችን አጠቃልለው እ.ኤ.አ. በ2007 ሪፖርት አውጥተዋል። በዚህም መሠረት ሰዋስውን ከጽሕፈት ነጥሎ ማስተማር የጽሑፍን ጥራት አያሻሽልም፤ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን የማጣመር ልምምድ ግን ያሻሽላል። ጥናቶቹ በዋናነት እንግሊዝኛን የሚመለከቱ ቢሆኑም ልምምዱ ለአማርኛም ይስማማል።

አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚማሩ

በጁገል ውስጥ በሚገኘው የጊደር መጋላ ገበያ ሐረሪ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። በዚህ አካባቢ የሚያድግ ተማሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሥርዓት ወደ አማርኛ ጽሑፉ ሊያመጣ ይችላል። ለምሳሌ በኦሮምኛ ቅጽል ከስም በኋላ ሲመጣ፣ በአማርኛ «ትልቅ ገበያ» እንደሚባለው ከስም ይቀድማል። በቁቤ የሚጠብቅ ድምፅ በድርብ ፊደል ይጻፋል፤ በአማርኛ ግን «አለ» የሚለው ቃል ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ቢያመለክትም አጻጻፉ አንድ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ተማሪው በጻፈው ጽሑፍ ላይ ልዩነቱን በማሳየት ይታረማል።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል ድጋፍ

• ተማሪው በሚያውቀው ጉዳይ፣ ለምሳሌ ስለ ገበያ ውሎ፣ አጭር አንቀጽ በየሳምንቱ እንዲጽፍ ማድረግ፤
• ዐረፍተ ነገሮችን ማጣመር፦ «ነጋዴዋ ማለዳ መጣች። ዕቃዋን ዘረጋች። ደንበኞቿን ጠበቀች።» የሚሉት በቦዝ አንቀጽ አማካይነት «ነጋዴዋ ማለዳ መጥታ፣ ዕቃዋን ዘርግታ ደንበኞቿን ጠበቀች።» ይሆናሉ፤
• ጽሑፉን ድምፅ አሰምቶ ማንበብና በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ማረም፤
• ከፊደልና ከሥርዓተ ነጥብ አስቀድሞ ሐሳቡ የተሟላ መሆኑን መጠየቅ።

ችግሩ የሚቀጥል ከሆነ፣ ወላጆች ተማሪው በተለያየ ጊዜ የጻፋቸውን ጽሑፎች ይዘው የቋንቋ መምህሩን ማነጋገር ይችላሉ። ተደጋጋሚው ስሕተት ከፈተና ውጤት ይልቅ በእነዚህ ጽሑፎች ላይ በግልጽ ይታያል።