ጥቁሩ ስክሪን ከየት መጣ?

ኡቡንቱ ወይም ሌላ ሊኑክስ ጭናችሁ፣ ሪስታርት አድርጋችሁ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የቀረባችሁ ልጆች፣ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ረዘም ይላል፤ ሻይ ቢጤ ይዛችሁ ተቀመጡ። የታሪክ ጽሑፍ ነው፤ ወደ መጨረሻው ግን ለእጅ የሚሆን ነገር አለ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ "ቲቸር፣ ምን አጥፍቼ ነው?" የሚሉ ናቸው። አንዱ ጎበዝ ተማሪዬማ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ፣ የወር የኢንተርኔት ጥቅሉን ድራይቨር በማውረድ ጨርሶ፣ ስክሪኑ አልበራ ሲለው "ይሄ ትምህርት ለእኔ አይደለም ማለት ነው" ብሎ ጻፈልኝ። ያሳሰበችኝ ይቺ አረፍተ ነገር ናት። ጥቁሩ ስክሪን እኮ እሱ ሳይወለድ የተጀመረ ክርክር ውጤት ነው። ክርክሩም ይኼ ነው፦ ገንዘብ ከፍላችሁ የገዛችሁት ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ የሚናገረው ወረቀት በማን እጅ ይቀመጥ?

መጀመሪያ ድራይቨር ምን እንደሆነ እንግባባ። ግራፊክስ ካርድ ውስጥ እጅግ ብዙ ትናንሽ የቁጥር ማስቀመጫዎች አሉ። እዚህኛው ላይ ይህን ቁጥር ብትጽፉ ስክሪኑ ይበራል፤ እዚያኛው ላይ ያንን ብትጽፉ ፍጥነቱ ይጨምራል። ድራይቨር ማለት ይህን የሚያውቅ ፕሮግራም ነው። የቁጥሮቹን ትርጉም የሚናገር ሰነድ ካለ ድራይቨር መጻፍ ከባድ ቢሆንም የሚያልቅ ሥራ ነው። ሰነዱ ከሌለ ግን የመብራት ሳጥን ከነሽቦው ተሰጥቷችሁ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው ወረቀት እንደጠፋባችሁ ቁጠሩት።

ክርክሩ የተነሳው በግራፊክስ ካርድ አልነበረም፤ በፕሪንተር ነው። በ1980 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን አንድ ችግር ገጠመው። ዜሮክስ ኩባንያ ለላቦራቶሪው አዲስ የሌዘር ፕሪንተር ሰጥቶ ነበር። ፕሪንተሩ ፈጣን ነው፤ ግን ወረቀት ይነክሳል። ስቶልማን በአሮጌው ፕሪንተር ላይ ኮዱን አስተካክሎ፣ ወረቀት ሲነክስ ኅትመት ለሚጠባበቁት ሰዎች መልእክት እንዲልክ አድርጎት ነበር። አዲሱ ግን ያለ ሶርስ ኮድ ነው የመጣው። ኮዱ ያለው ሰው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እንዳለ ሰማና ሄዶ ጠየቀው። ሰውየው "ለማንም ላልሰጥ ፈርሜያለሁ" አለው። በቃ! ስቶልማን በ1983 የግኑ ፕሮጀክትን ያወጀው በዚህ አንድ ነገር ብቻ ነው ባልልም፣ ራሱ በተደጋጋሚ የሚያነሳው ታሪክ ግን ይኸው ነው።

በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ሲለቅ ስለ ግራፊክስ ብዙ የሚወራ አልነበረም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው። መስኮቱን፣ ማውዙን፣ ስዕሉን የሚያመጣው ከኤምአይቲ የወጣው ኤክስ የተባለው ሲስተም ሲሆን፣ እሱን በተራ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲሠራ ያደረገው በ1992 የተጀመረው ኤክስፍሪ86 የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ነው። በዚያን ጊዜ የሞኒተራችሁን ቁጥሮች በእጃችሁ ነበር የምታስገቡት። የተሳሳተ ቁጥር ያስገባ ሰው የድሮውን ባለ ትልቅ ሆድ ሞኒተር ሊያበላሸው ይችል እንደነበር ሰነዱ ራሱ ያስጠነቅቅ ነበር። ዛሬ ጥቁር ስክሪን ብቻ በማየታችሁ አመስግኑ።

እዚህ ላይ ኤንቪዲያ ይመጣል። ኩባንያው በ1993 ተመሠረተ፤ በ1999 ጂፎርስ 256ን አወጣ። ከዚያ በኋላ ለሊኑክስ የሠራው ድራይቨር ዝግ ነበር፤ የተዘጋጀውን ፋይል ትጭናላችሁ እንጂ ውስጡን አታዩም። ፍርድ እንስጥ ከተባለ ግን ድራይቨሩ መጥፎ አልነበረም። በብዙ ካርዶች ላይ በዘመኑ ከነበሩት ክፍት ድራይቨሮች ይፈጥን ነበር፤ ፊልምና ሳይንስ የሚሠሩ ሰዎች በሱ ነው የኖሩት። ኩባንያው ኮዱ የንግድ ምስጢር ነው ይላል። ጥያቄው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው።

የሚበላሽበት አንዱ መንገድ ደግሞ የሊኑክስ ሰዎች ራሳቸው የመረጡት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የሊኑክስ ከርነል ከድራይቨሮች ጋር የሚነጋገርበት የውስጥ ቋንቋ ቋሚ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተደረገው። ሐሳቡ "ድራይቨራችሁን ከርነሉ ውስጥ አስገቡ፤ ቋንቋውን ስንቀይር እኛው እናስተካክልላችኋለን" ነው። ውጭ የቀረ ግን አዲስ ከርነል በመጣ ቁጥር ከአዲሱ ጋር እንደገና መገጣጠም አለበት። "ትናንት ይሠራ ነበር፣ አፕዴት ካደረግሁ በኋላ ጠፋ" የምትሉት ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። እንዲያውም ከርነሉ ዝግ ድራይቨር ሲጫንበት ራሱ ላይ "ተበክያለሁ" የሚል ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ችግር ገጥሟችሁ ብትጽፉላቸው ገንቢዎቹ ምልክቱን አይተው "ዝግ ድራይቨሩን አውጥተህ ሞክር" ይሏችኋል። ተጠቃሚው በሁለት ግትሮች መካከል ቆሞ ማለት ነው።

በ2006 አካባቢ ጥቂት ሰዎች ሌላ መንገድ ሞከሩ። ፕሮጀክቱን ኑቮ አሉት፤ በፈረንሳይኛ "አዲስ" ማለት ነው። ሥራቸው ምን ነበር መሰላችሁ? ዝጉ ድራይቨር ሲሠራ ለካርዱ የሚልከውን ቁጥር ሁሉ መዝግቦ መያዝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ እንደገና መመዝገብ። ከዚያ ሁለቱን ማስተያየትና "ይኼ ቁጥር ይኼን ይሠራል ማለት ነው" ብሎ መገመት። ለእያንዳንዱ ካርድ፣ ለዓመታት። ሳይንስ ስናስተምር "አንዱን ቀይር፣ ሌላውን አጽና" የምንለው ነው። በ2010 ሥራቸው ከርነል 2.6.33 ውስጥ ገባ። ዛሬ ሊኑክስ ስትጭኑ የኤንቪዲያ ካርዳችሁ ምንም ሳታወርዱ ስክሪን የሚያሳየው በነዚህ ሰዎች ልፋት ነው። ለኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ጀግና ምረጥ ብባል እነሱን ነው የምመርጠው።

ልፋቱ ግን ግድግዳ ገጠመው። በ2014 ከወጣው ጂፎርስ 900 ጀምሮ ካርዶቹ የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ የሌለበትን ፈርምዌር አንቀበልም አሉ። ካርዱ ሲነሳ በዝቅተኛ ፍጥነት ነው የሚነሳው፤ ፍጥነቱን ለመጨመር ደግሞ ያ ፈርምዌር ያስፈልጋል። ስለዚህ ኑቮ ስክሪኑን ያበራዋል፣ ካርዱ ግን ከአንደኛ ማርሽ እንዳልወጣ መኪና ይሆናል። "ጌም ለምን ይንቀራፈፋል?" ላላችሁኝ፣ መልሱ ይኸውላችሁ።

ሌሎቹስ? ኢንቴል ድራይቨሮቹን በክፍት ነው የሚሠራው፤ ለዚህ ነው የኢንቴል ግራፊክስ ብቻ ያለው ርካሽ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ያለ ጣጣ የሚነሳው። ኤኤምዲ በ2006 ኤቲአይን ከገዛ በኋላ በ2007 የካርዶቹን ሰነድ መልቀቅ ጀመረ። ለውጡ ባንድ ቀን አልመጣም፤ አሁን ግን የኤኤምዲ ካርድ ያለው ሰው ድራይቨር ፍለጋ የሚወጣበት ምክንያት እምብዛም የለም።

በጣም ያስቸገሩን ሁለት ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ናቸው፤ አንዱ የኢንቴል፣ አንዱ የኤንቪዲያ። ባትሪ ለመቆጠብ በሁለቱ መካከል የሚቀያየረው ኦፕቲመስ የተባለ አሠራር በ2010 ሲመጣ ለሊኑክስ ድጋፍ አልነበረውም። በጎ ፈቃደኞች በምብልቢ የተባለ መፍትሔ ሠሩ። በ2011 የመጫኛው ስክሪፕት ውስጥ አንዲት የማትገባ ባዶ ቦታ ገብታ ነበር። አንድን ትንሽ ፎልደር እንዲያጠፋ የታሰበው ትእዛዝ በባዶ ቦታዋ ለሁለት ተከፈለና የሲስተሙን ዋና ፎልደር ጠቅላላ አጠፋ። አንድ ስፔስ! ኮድ ስታስገቡ "ቲቸር ስፔስ ምን ያደርጋል?" የምትሉኝ ልጆች ይህን አስቡ።

በ2012 ፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት ተሳታፊ ተነስታ ቶርቫልድስን የጠየቀችውም ይህንኑ የላፕቶፕ ችግር ነው። እሱም ኤንቪዲያ ካጋጠሙን ኩባንያዎች ሁሉ የከፋው ነው ካለ በኋላ ወደ ካሜራው ዞሮ የመሃል ጣቱን አሳየ፤ የተናገረውን ቃል እዚህ አልደግመውም፣ ተማሪዎች ያነባሉ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ንዴቱ ይገባኛል፤ ግን ጣቱን ሁሉም ያስታውሳል፣ የልጅቷን ጥያቄ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ብዙዎቻችሁ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመሸሽ ቨርቹዋል ማሽን ትጠቀማላችሁ፤ ዊንዶውሳችሁን ሳትነኩ ሊኑክስን በውስጡ መክፈት። ጥሩ ነው። ሐሳቡም የቆየ ነው፤ አይቢኤም በ1960ዎቹ አንዱን ውድ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ብዙ ኮምፒውተር ያስመሰለው በዚህ ዘዴ ነው፤ በ1972 ቪኤም/370 ብሎ ለገበያ አወጣው። የእኛ ተራ ኮምፒውተሮች ፕሮሰሰር ግን ለዚህ አልታሰበም ነበር። በውስጥ ያለው ሲስተም ሲጠቀምባቸው ለተቆጣጣሪው ሳያሳውቁ የሚያልፉ ትእዛዞች ነበሩት፤ ፔንቲየም ላይ 17 ተቆጥረዋል። በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር እነዚህን ትእዛዞች በሩጫ ላይ እየተረጎመ አለፋቸው። ኢንቴልና ኤኤምዲ በ2005 እና በ2006 ድጋፉን ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡ፤ ሊኑክስም በ2007 ኬቪኤምን በከርነል 2.6.20 ተቀበለ። ቨርቹዋልቦክስ "አልከፍትም" ሲላችሁ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የምታበሩት ነገር ያ የ2005ቱ ድጋፍ ነው።

ግራፊክሱስ? ቨርቹዋል ማሽን ፕሮሰሰሩን በቀላሉ ያካፍላል፤ ካርዱን ግን አይችልም፣ ምክንያቱም አሁንም የካርዱን ቋንቋ ማወቅ አለበት። ስለዚህ የውሸት ካርድ ያቀርባል። ኬሙ የተባለው ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት ለእንግዳው ሲስተም ያሳይ የነበረው የ1990ዎቹን ሲረስ ሎጂክ ካርድ ነው። ለምን አሮጌ ካርድ? ድራይቨሩ የትም አለና! አዲሱ ላፕቶፓችሁ ውስጥ የተከፈተው ሊኑክስ በትንሽ ስክሪን ተጨናንቆ የሚታያችሁ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር እንዲህ ዓይነት ካርድ ላይ የተቀመጠ መስሎት ነው።

እውነተኛውን ካርድ አንስቶ ለእንግዳው ሲስተም ማስረከብም ይቻላል፤ ሊኑክስ በ2012 ቪኤፍአይኦ የተባለውን መንገድ ከከፈተ በኋላ ብዙ ሰው ሞክሮታል። እዚህ ላይ ነው አስገራሚው ነገር። የጂፎርስ ካርድ ለቨርቹዋል ዊንዶውስ ስታስረክቡ የኤንቪዲያ ድራይቨር ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን ያውቅና "ስህተት 43" ብሎ ይቆማል። ካርዱ አልተበላሸም። በውድ በሚሸጡት ኳድሮ ካርዶች ይፈቀዳል፣ በርካሾቹ አይፈቀድም። ተጠቃሚዎች ምን አደረጉ? ቨርቹዋል ማሽኑ እውነተኛ ነኝ ብሎ እንዲዋሽ የሚያደርግ መስመር ጨመሩ። ለዓመታት ሰው የራሱን ካርድ ለመጠቀም ኮምፒውተሩን ውሸት ሲያስተምር ኖረ። ኩባንያው ክልከላውን ያነሳው በ2021 ነው።

በግንቦት 2022 ደግሞ ኤንቪዲያ ከርነል ውስጥ የሚገባውን የድራይቨሩን ክፍል ኮድ በክፍት ለቀቀ። ደስታው ተገቢ ነው፤ ግን ልክ ይኑረው። የተከፈተው አንዱ ክፍል ነው፤ ብዙው ምስጢር ወደ ካርዱ ፈርምዌር ውስጥ ገብቷል፣ ከላይ ያለው ክፍልም ዝግ ነው። የሚሠራውም ከጂፎርስ ጂቲኤክስ 16 እና አርቲኤክስ 20 ጀምሮ ላሉት ነው። ኑቮም በ2024 መጀመሪያ በወጣው ከርነል 6.7 ያንኑ ፈርምዌር ተጠቅሞ አዳዲሶቹን ካርዶች በሙሉ ፍጥነት ማሠራት ጀምሯል። እኛ እጅ በብዛት የሚገቡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ግን ካርዳቸው ከዚያ የቀደመ ነው፤ በሩ ሲከፈት እነሱ ውጭ ቀርተዋል።

ስለዚህ ጥቁር ስክሪን የገጠማችሁ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የግራብ ሜኑ ላይ "ኢ" ን ተጭናችሁ፣ "ሊኑክስ" ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ኖሞድሴት የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ሳትነጣጥሉ ጻፉና ኮንትሮል ኤክስ ተጫኑ። ከርነሉ የካርዱን ድራይቨር ትቶ በቀላሉ መንገድ ስክሪኑን ያበራዋል። ከዚያ ተርሚናል ላይ ኤልኤስፒሲአይ ብላችሁ የካርዱን ትክክለኛ ስም እዩ። 300 ሜጋባይት ገደማ የሚሆን ፋይል ከኩባንያው ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጥቅላችሁን አትጨርሱ፤ ለካርዳችሁ የሚሆነው ስሪት ብዙ ጊዜ በሲስተሙ የራሱ ማከማቻ ውስጥ አለ፣ ከርነል ሲቀየርም አብሮ ይገጣጠማል። የጫናችሁት ድራይቨር አልነሳ ካለ ሴክዩር ቡት በርቶ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ያልተፈረመ ድራይቨር አያስገባም።

ከኤልኤስፒሲአይ ያገኛችሁትን ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ማታ ማታ እያየሁ እመልሳለሁ።