ቤትን የሚያቆመው ማን ነው? ከጃጁራ እስከ ጀጎል

ስለ ታሪካዊ ቅርስ በተነሳ ቁጥር አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር እንላለን። እውነት ነው፤ የሚያኮሩ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን የጃጁራን ልጅ «በእናንተ አገርስ ምን የቆየ ቤት አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «እኛ ጋ ደግሞ ምን አለና!» ብሎ ያልፋችኋል። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል እንጂ በመሠረቱ የተሳሳተ የታሪክ አመለካከት ነው፤ ታሪክን ከድንጋይ፣ ድንጋይን ደግሞ ከንጉሥ ጋር ብቻ የሚያቆራኝ አመለካከት። በዚህ ጽሑፍ ልናነሳ የምንፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድን ቤትና አንድን ሰፈር ለትውልድ የሚያቆየው ምንድን ነው? ድንጋዩ ነው? አዋጁ ነው? ወይስ በቤቱ የሚጠቀመው ማኅበር?

ከራሳችን እንጀምር። ሐዲያ በመካከለኛው ዘመን ስሙ የታወቀ አገር ነበር። አል ዑመሪ የተባለው የዐረብ ጸሐፊ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ከዘረዘራቸው የኢትዮጵያ የእስላም መንግሥታት አንዱ ሐዲያ ነው። ከዚሁ አገር ገራድ ቤት የተወለደችው እቴጌ እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆና በጎጃም መርጡለ ማርያምን አሠርታለች። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የሐዲያ ልጅ ያሠራችው ሕንጻ ፍርስራሽ በጎጃም ዛሬም ይታያል፤ የአባቷ የገራዱ ቤት ግን የት እንደነበረ የሚያሳየን የለም። ለምን?

አንዱ ምክንያት ቤቱ የእንጨትና የሣር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሕዝቡ ተንቀሳቃሽ መሆኑ ነው። ጀርመናዊው የታሪክ ተመራማሪ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሐዲያ ታሪክ እንዳሳየው፣ ከዛሬዎቹ የሐዲያ ጎሣዎች ብዙዎቹ ቀድሞ በምሥራቅ፣ እስከ ሐረር ደጋ በሚደርሰው ምድር ይኖሩ ነበር፤ በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመት በነበረው ጦርነትና የሕዝብ እንቅስቃሴ ወደ ምዕራብ ተገፉ። የሚጓዝ ሕዝብ ቤቱን ተሸክሞ አይሄድም። ይዞት የሚሄደው የቤት አሠራሩን ዕውቀትና አብሮ የመኖር ደንቡን ነው።

ይህን ደንብ ሽማግሌዎቻችን «ሴራ» ይሉታል። በአማርኛው ትርጉም ተንኮል ማለታችን አይደለም! በሐዲይሳም ሆነ በከምባትኛ ሴራ ማለት ሥርዓት፣ ሕግ ማለት ነው። የሶሮ ገበሬ ክቡን ቤት ሲሠራ ብቻውን አይሠራም። ምሰሶውን ተሸክሞ የሚመጣ፣ በእንሰት ቃጫ የሚያስር፣ ጭቃ የሚያቦካ፣ ሣር የሚያቀብል ጎረቤት አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ሣሩ በስብሶ ክዳኑ ሲቀየር እንደገና ይጠራራሉ። ቤት የተቃጠለበትን ሰው ቆሞ ያየ ጎረቤት ደግሞ ነገ ለራሱ ሐዘን ሰው አያገኝም። ስለዚህ የሣር ቤት ዕድሜ አጭር ነው የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው በግማሹ ነው፤ ሣሩ ያረጃል፣ ቤቱ ግን በየጊዜው እየታደሰ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር።

አሁን ቀድሞ ብዙዎቹ ጎሣዎቻችን ወደ ኖሩበት ወደ ምሥራቅ እንመለስና ሐረርን እንመልከት። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መካናት እንዳሉት ተጽፏል። ይህ ሁሉ የተረፈው በአሚር ኑር ግንብ ብርታት ይመስለናል። ግንብ ግን ከውጭ የሚመጣን ጠላት ይከለክል እንደሆነ እንጂ ከውስጥ የሚመጣን መፍረስ አይከለክልም። ሐረር ደግሞ ከውስጥ ብዙ ተፈትናለች። በ1940 ዓ.ም. ከነበረው የፖለቲካ እስርና ወከባ በኋላ ብዙ ሐረሪዎች ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ ከአብዮቱ ወዲህም እስከ ባሕር ማዶ ተበተኑ። ቤቶቹ ታዲያ ለምን ባዶ ፍርስራሽ አልሆኑም?

መልሱ ያለው አፎቻ በሚባለው ማኅበር ውስጥ ይመስለናል። አፎቻ ማለት የኛው እድር ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። የወንዶች አለ፣ የሴቶች አለ፤ በሠርግና በሐዘን ይሰበሰባል። የሚሰበሰበውም በቤት ውስጥ ነው። የሐረሪ ቤት አምስት ነደባ አለው፤ ነደባ ማለት በቀይ አፈር የተለሰነ ከፍና ዝቅ ያለ የመቀመጫ መደብ ነው። ትልቁ ሰው የት፣ እንግዳው የት፣ ወጣቱ የት እንደሚቀመጥ መደቡ ራሱ ይናገራል። ነደባ የሌለው ቤት በደንቡ መሠረት እንግዳውን ማስቀመጥ ይቸግረዋል። ስለዚህ ሴቶቹ ሠርግ ወይም ረመዳን ሲደርስ ግድግዳውን ይቀባሉ፣ መደቡን ያድሳሉ። ይህን የሚያደርጉት «ቅርስ እንጠብቅ» ብለው አይደለም፤ ሰው ስለሚመጣባቸው ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የአባቶቹን መጻሕፍትና ዕቃ ከየቤቱ ሰብስበው መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው ሙዚየም ያቋቋሙትም በዚሁ ሕዝብ መካከል ነው። መንግሥትና የዓለም ድርጅት የመጡት ኋላ ነው።

ይህ ነገር በሐረር ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንድ ከተማ ጠባይ ነው ብለን በተውነው ነበር። ከኛ ወደ ደቡብ፣ ከአርባ ምንጭ ወዲያ ያለው ኮንሶም ያንኑ ይመሰክራል። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የኮንሶ የእርከን እርሻዎችና በድንጋይ የታጠሩ መንደሮች ከ400 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። በየመንደሩ ሞራ የሚባል የጋራ ቤትና አደባባይ አለ፤ ወጣቶቹ እዚያ ያድራሉ፣ መንደሩን ይጠብቃሉ። ክዳኑ የሣር ነው፤ እንደኛው ሣር ይበሰብሳል። ነገር ግን ባለተራው ትውልድ ግዴታ ስላለበት ያድሰዋል። በማሊ አገር የምትገኘው የጄኔ ከተማ ሕዝብም ከጭቃ የተሠራውን ታላቅ መስጊድ በየዓመቱ ሰፈር ከሰፈር እየተፎካከረ ይለስነዋል። እንግዲህ ጭቃና ሣር ዘላቂ አይደለም የሚለው ሰበብ የት ይገባል?

በተቃራኒው አዲስ አበባን እንይ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ለጭሰኛው የከተማ ነዋሪ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ኪራይ ቀነሰ፣ ደሀው ከባለቤት ቁጣ ዳነ። ይህን መካድ ታሪክን ማዛባት ነው። ይሁን እንጂ የተሰበሰበው ኪራይ ለጥገና አይበቃም፤ ተከራዩም ጣራ ልቀይር ቢል ፈቃድ ያስፈልገዋል። ባለቤቱ መንግሥት፣ ኗሪው ሕዝብ፣ አዳሹ ደግሞ ማንም ሆነ። የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ የድሮ ቤቶች በዚህ ሁኔታ አርባና ሃምሳ ዓመት አረጁ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲመጣ ብዙው ሰፈር በአጭር ጊዜ ፈረሰ፤ ኗሪው በየአቅጣጫው ተዛወረ። ስለ እነዚህ ቤቶች እነ ፋሲል ጊዮርጊስ በ2007 እ.ኤ.አ. ግሩም መጽሐፍ አሳትመው ነበር። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ነበረ። መጽሐፍም አዋጅም ያስፈልጋል፤ ግን ከቤቱ ጋር የተሳሰረ ባለ ሙሉ መብት ማኅበር በሌለበት ሁለቱም ወረቀት ሆነው ይቀራሉ። አንድ ሕንጻ ተመዝግቦ ቢተርፍ እንኳ ጎረቤቶቹ ከሄዱ ሰፈር አይባልም፤ ብቻውን የቀረ ግድግዳ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ሲከራከሩን «ሰው በጭስና በቁንጫ ይኑር ነው የምትሉት? ቆርቆሮ መጥላት ምን ይሉታል?» ይላሉ። ኧረ በጭራሽ! ውኃና መብራት የሌለበትን ቤት የሚያወድስ ሰው ወይ ቱሪስት ነው ወይ ኖሮበት አያውቅም። እናቶቻችን ክዳኑን ወደ ቆርቆሮ የቀየሩት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ከሣር ወደ ቆርቆሮ፣ ከጭቃ ወደ ብሎኬት ስንሻገር የቤቱን አሠራር ዕውቀትና የጎረቤቱን ግዴታ አብረን ወርውረናል ወይስ ይዘን ተሻግረናል? ብሎኬት ቤት የሚሠራው ግንበኛ በብር ተቀጥሮ ነው፤ ጎረቤት የሚመጣው ቡና ሊጠጣ ነው። ዕዳው ተቆረጠ።

ይህ ጥያቄ ለኛ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ራስ አባተ ቧያለው የቆረቆሯት፣ ቀድሞ ዋቸሞ የምትባለው ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ሆናለች። ከተማ ሲያድግ መንገድ ይሰፋል፤ እንደ ጃጁራ ያሉት ትንንሽ ከተሞችም ዋናዋን ከተማ ይከተላሉ። ታዲያ የትኛው ቤት የመጀመሪያው የገበያ ሱቅ እንደሆነ፣ የትኛው የጸሎት ቤት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያን ሲወጡ በምእመናኑ ጉልበት እንደቆመ፣ የትኛው ዋርካ ሥር ሴራው ይመከር እንደነበረ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። በወረቀት ያልሰፈረ ቤት ሲፈርስ ማንም «ቅርስ ፈረሰ» አይልም። በአዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርስ በብሔራዊና በክልላዊ ደረጃ ይመደባል፤ የሚመደበው ግን የታወቀው ነው።

ሐሳባችን ቀላል ነው። አዲስ ማኅበር አቋቁመን፣ ማኅተም አስቀርጸን፣ ሊቀ መንበር መርጠን ጊዜ አናባክን። ማኅበሩ አለ፤ እድር ነው። ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ መዝገብ አለው፣ መቀጮ አለው፤ ከሁሉም በላይ የሚፈራና የሚከበር ቃል አለው። ለክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ እያንዳንዳችን የሰፈራችንን እድር ሽማግሌዎች እንጠይቅ፤ ቤቱን ማን ሠራው፣ በምን እንጨት፣ ማን ገባበት፣ ምን ተመከረበት ብለን እንጻፍ። የጻፍነውን አንድ ቅጂ ለእድሩ፣ አንዱን ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እንስጥ። ለእድሩም በመተዳደሪያ ደንቡ አንዲት አንቀጽ እንዲጨምር እንለምን፦ በሰፈሩ የቆየ ቤት ሊፈርስ ሲል ከመፍረሱ በፊት እድሩ ይምከርበት። አይፈርስም ማለታችን አይደለም፤ ይመከርበት ነው። ሰው ሲሞት ሳይነገር የማይቀብር ሕዝብ፣ ቤቱንም ሳይመክር አያፍርስ።